ፀሐይዋ ደምቃ ውርጩ የሚበረታባት ከተማ፦ ስለ ካልጋሪ ክረምት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በካናዳዋ ካልጋሪ የመጀመሪያ ክረምታቸውን ለሚቀበሉ ወገኖች፣ ልጆቻቸውን ወይም ወላጆቻቸውን ለማምጣት ለሚዘጋጁም ጭምር።

ክረምቱ የሚገባው መቼ ነው?

በካልጋሪ ክረምት ቀን ቆርጦ አይገባም። የመጀመሪያው ውርጭ ብዙውን ጊዜ በሴፕቴምበር አጋማሽ፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ ሰሞን ይታያል። በረዶም በዚያው ወር ሊወርድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከሴፕቴምበር 8 እስከ 10 የወረደው እርጥብና ከባድ በረዶ ገና ቅጠላቸውን ያላራገፉ ዛፎችን ገነጣጥሎ የኤሌክትሪክ መስመሮችን በጥሷል። በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር፤ የካልጋሪ ኢትዮጵያውያን ያንን አዲስ ዓመት የተቀበሉት በአደይ አበባ ፋንታ የተሰባበረ ቅርንጫፍ በሞላበት መንገድ ነው።

እንዲህ ያለው ቀደምት በረዶ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይቀልጣል። ዋናው ብርድ ከኖቬምበር ጀምሮ ይጠናል፤ ዲሴምበር፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ልቡ ናቸው። ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ካፖርቱንና ቦት ጫማውን ከሴፕቴምበር መጨረሻ በፊት፣ ከመስቀል ሳያልፍ ይግዙ። በመጀመሪያው በረዶ ማግስት ሱቁ ውስጥ የሚቀረው የማይሆን ቁጥር ብቻ ነው። በተለይ ለልጆች ያገለገለ ልብስ የሚሸጡ መደብሮች ጥሩ ጥሩውን ቀድሞ ለመጣ ነው የሚሰጡት።

ፀሐይ እንዲህ እየወጣች ብርዱ ከየት ይመጣል?

ሀገር ቤት ፀሐይ ከወጣች ይሞቃል፤ ብርድና ጨለማ ደመና አብረው ይሄዳሉ። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል፤ አዲስ የመጣ ሰው በመስኮት ሰማያዊውን ሰማይ አይቶ በሹራብ ብቻ የሚወጣውም ለዚህ ነው። የካልጋሪ ከባድ ብርድ የሚመጣው ከሰሜን ዋልታ አካባቢ ወደ ሜዳማው የካናዳ ምድር በሚወርድ ከባድ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ነው። ይህ አየር ወደ ምድር እየተጫነ ስለሚወርድ ደመና አይሠራም፤ ሰማዩ ጥርት ይላል። ደመና በሌሊት ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ሙቀቷን ይይዝላታል። ሰማዩ ሲጠራ ግን ምድር የያዘችውን ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ትለቃለች። ስለዚህ በጃንዋሪ በጣም የጠራው ቀን ብዙውን ጊዜ በጣም ቀዝቃዛው ቀን ነው፤ ደመና ሲጋርድ ደግሞ ትንሽ ይለዝባል።

የፀሐይዋ ከፍታም አለበት። ካልጋሪ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 51 ዲግሪ ላይ ናት። በዲሴምበር 21 እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ የምትነሣው ከ15 እስከ 16 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ከ57 ዲግሪ በላይ ትወጣለች። አግድም የሚመጣ ብርሃን ዓይን ይወጋል እንጂ ምድር አያሞቅም፤ ያችኑ የመጣችውንም አዲስ የወረደ በረዶ አብዛኛውን መልሶ ወደ ሰማይ ያንጸባርቃታል። ከፍታው ነው እንዳንል ካልጋሪ ከባሕር ጠለል በላይ 1,045 ሜትር ገደማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከግማሽ በታች ማለት ነው።

በዚህም ሁሉ ካልጋሪ ከካናዳ ትልልቅ ከተሞች ፀሐይ በብዛት የምታይ ከተማ ናት። ይህን እንደ ጸጋ ነው የማየው። ብርዱ ሲጠና በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶች ብርሃኑን እየሰበሩ ከፀሐይዋ ግራና ቀኝ ሁለት ደማቅ ነጠብጣቦች ያሳያሉ፤ ሦስት ፀሐይ የወጣ ይመስላል። ልጆችን ጠርቶ ማሳየት ተገቢ ነው።

ምን ያህል ይበርዳል? ትንበያው ላይ ሁለት ቁጥር የሚጻፈውስ ለምንድን ነው?

የጃንዋሪ ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ነው። በየዓመቱ ግን ለጥቂት ቀናት ወይም ለሳምንት ከዜሮ በታች 25 እና 30 የሚወርድበት ጊዜ አለ። በከተማዋ ከተመዘገበው ሁሉ የከፋው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1893 የታየው ከዜሮ በታች 45 ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ነፋሱ ተጨምሮበት ገላ የሚሰማው ብርድ ነው። ሰውነታችን በዙሪያው ስስ የሞቀ አየር ይይዛል፤ ነፋስ ያንን እየገፈፈ ይወስደዋል። ሙቀት መለኪያው ከዜሮ በታች 20 እያለ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ፣ ባዶ ገላ የሚሰማው ከዜሮ በታች 33 ይሆናል። በዚህ መጠን ያልተሸፈነ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ በውርጭ ሊመታ ይችላል፤ ከዜሮ በታች 40 ከደረሰ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ጠዋት ከቤት ሲወጡ የሚታየው ሁለተኛው ቁጥር ይሁን። አውቶቡስ መጠበቂያ ቆሞ የሚቆጠረው እሱ ነው።

ምን ልልበስ?

አንድ ወፍራም ነገር ከመልበስ ሦስት ስስ ነገር መደራረብ ይሻላል፤ አየሩ በመካከላቸው ተይዞ ይሞቃልና። ከገላ የሚነካካው ጥጥ መሆን የለበትም። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ አይደርቅም፣ ከቆሙ በኋላም ያቀዘቅዛል፤ ሱፍ ወይም ለስፖርት የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይመረጣል። በላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ካፖርት። አምስቱን ጣት ለየብቻ ከሚያስገባ ጓንት ይልቅ አራቱን ጣቶች አንድ ላይ የሚይዘው ይሞቃል። ጆሮ ሁልጊዜ ይሸፈን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጫማ ነው። ሦስት ካልሲ ደርቦ ጠባብ ቦት ውስጥ እግሩን ይጨቁናል። የተጨነቀ እግር ደም አይዘዋወርበትም፤ ባንድ ካልሲ ካለው እግር ቀድሞ ይደነዝዛል። ቦቱ በአንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ጣት የሚያንቀሳቅስ ቦታ ይኑረው። ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቅያሪ ካልሲ በቦርሳ ይያዝ፤ በረዶ በገባበት ጫማ መጥቶ፣ አውልቆ፣ በእርጥብ ካልሲ ቅዳሴ ማስቀደስ በተለይ ለእናቶች ከባድ ነው። ነጠላው ከካፖርቱ በላይ ይደረባል እንጂ ካፖርቱን አይተካም፤ ጥምቀት በጃንዋሪ 19 ወይም 20 ነው የሚውለው።

ቺኑክ የሚባለው ነፋስ ምንድን ነው?

የካልጋሪን ክረምት ከሌሎቹ የሜዳ ከተሞች፣ ከሬጂናና ከዊኒፔግ የሚለየው ይህ ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የተነሣ እርጥብ አየር የሮኪ ተራሮችን ሲወጣ እርጥበቱን በምዕራቡ በኩል በዝናብና በበረዶ ያራግፋል። እርጥበቱ ወደ ውኃነት ሲለወጥ የለቀቀው ሙቀት አየሩ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ደረቁ አየር ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርድ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል እየሞቀ ካልጋሪ ይደርሳል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከዜሮ በታች 20 የነበረው ከዜሮ በላይ ሊሆን ይችላል። ከካልጋሪ በስተደቡብ ባለችው ፒንቸር ክሪክ ጃንዋሪ 10 ቀን 1962 በአንድ ሰዓት ብቻ 41 ዲግሪ ጨምሯል። በ1988ቱ የካልጋሪ የክረምት ኦሎምፒክም ቺኑክ ነፍሶ የበረዶ መንሸራተቻ ዝላይ ውድድሮች በተደጋጋሚ ተራዝመዋል።

መምጣቱን በዓይን ማወቅ ይቻላል። በምዕራብ በኩል ከተራሮቹ በላይ ደመናው እንደተዘረጋ ይቆይና ከሥሩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሰማይ ቅስት ሠርቶ ይታያል። ያን ሲያዩ የከተማዋ ሰዎች ፊት ይፈታል። ሁሉም ግን አይደሰትም፤ ቺኑክ ሲነሣ ጭንቅላታቸውን የሚያማቸው ሰዎች አሉ፤ ማይግሬን ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ይህ በካልጋሪ በተደረገ ጥናትም ታይቷል። ሕመሙ በየክረምቱ የሚመላለስ ከሆነ ቀኑን እየጻፉ ይዞ ለሐኪም ማሳየት ይጠቅማል።

ሌላው ጣጣ በኋላ ይመጣል። ቀን የቀለጠው በረዶ ማታ ተመልሶ ይረጋል፤ አስፋልቱ ላይ በዓይን የማይለይ መስተዋት ይሠራል። ብዙ ሰው የሚወድቀውና እጁን የሚሰበረው በረዶ በወረደበት ቀን ሳይሆን ከቺኑክ በኋላ ባለው ጠዋት ነው። እግርን ሙሉ በሙሉ እያሳረፉ በአጭር እርምጃ መሄድ፣ እጅን ከኪስ ማውጣት፣ ከጫማ ሥር የሚታሰር ጥርስ ያለው ላስቲክ መግዛት።

ቀኑ ያጥራል ይባላል። ጤና ላይ ምን ያመጣል?

በዲሴምበር መጨረሻ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ 8 ሰዓት አይሞላም። በጨለማ ሥራ ገብቶ በጨለማ የሚወጣ ሰው ፀሐያማ ከተማ እየኖረ ፀሐይ ሳያይ ሳምንት ያሳልፋል። እንቅልፍ ይበዛል፣ ጉልበት ያንሳል፣ ሆድ ይብሳል። ይህ ስንፍናም የእምነት ማነስም አይደለም፤ ብርሃን ሲያንስ በሰውነት ላይ የሚመጣ ለውጥ ነው፣ ሕክምናም አለው። ካልጋሪ ከብዙ ሰሜናዊ ከተሞች የምትሻለው ብርሃኑ ስላለ ነው፤ መውጣት ብቻ ይጠይቃል። በምሳ ሰዓት ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ያግዛል። ለማይችል ሰው 10,000 ሉክስ የሚሰጥ የብርሃን መብራት አለ፤ ጠዋት ጠዋት ለ30 ደቂቃ ከፊት ለፊት ተቀምጦ ይሞቁታል። የዓይን ሕመም ያለበት ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቫይታሚን ዲ ግን ከዚህ ይለያል፤ እዚህ ላይ ፀሐይዋ አትረዳም። ከኦክቶበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ በዚህ ኬክሮስ የምትወጣው ፀሐይ በቆዳችን ላይ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ጨረር አታደርስም፤ ጥቁር ቆዳ ደግሞ በበጋም ቢሆን ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በካናዳ ወተት በሕግ ቫይታሚን ዲ ይጨመርበታል። እኛ ጋ ችግሩ የሚደራረበው በጾም ነው፦ ጾመ ነቢያትና ዐቢይ ጾም ሁለቱም በብርዱ ወራት ይውላሉ፤ ወተቱም ይቀራል። ለጿሚ ሰው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወይም የለውዝ ዓይነት ወተት መምረጥ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። ሁለተኛው ክኒን ነው። የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤት ለአዋቂ በቀን 600 አሃድ (በእንግሊዝኛ IU)፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ 800 አሃድ ይመክራል፤ የእናት ጡት ብቻ ለሚጠባ ሕፃን በቀን 400 አሃድ ጠብታ ይሰጠዋል። ሲበዛ ግን ይጎዳል፤ አዋቂ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4,000 አሃድ አይለፍ።

ልጄን በዚህ ብርድ ውጭ ያስወጡታል?

አዎ፣ ደግሞም መልካም ነው። በአብዛኛው ትምህርት ቤቶች ልጆቹን በእረፍት ሰዓት ያስወጣሉ፤ ነፋሱ ተጨምሮ ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ ወደ ውስጥ ያስገቧቸዋል። ትምህርት ቤት በብርድ ምክንያት ብዙም አይዘጋም፤ የተማሪ አውቶቡስ ግን ሊቀር ስለሚችል ጠዋት መልእክቱን ማየት ያስፈልጋል። ልጁ የበረዶ ሱሪ፣ ቦት፣ ኮፍያና ሁለት ጥንድ ጓንት ያስፈልገዋል፤ አንደኛው እርሶ ሲመጣ ሌላው እንዲኖር። ሁሉም ላይ ስሙ ይጻፍ። ረጅም ሻርፕ በመጫወቻ ላይ ሊያንቀው ስለሚችል በራስ ላይ የሚጠለቅ የአንገት ልብስ ይሻላል።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው የመኪና ወንበር ነገር አለ። ሕፃኑን ወፍራም ካፖርቱን እንዳለበሱት ቀበቶ ቢያስሩት፣ የጠበቀ የሚመስለው ቀበቶ በግጭት ጊዜ ካፖርቱ ሲጨመቅ ይላላል፤ ልጁ ሊወረወር ይችላል። ካፖርቱን አውልቆ፣ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ከላይ ብርድ ልብስ ወይም ራሱን ካፖርቱን ማልበስ ነው።

ለመኪናዬ ምን ማድረግ አለብኝ?

የክረምት ጎማ። ካልጋሪ ባለችበት በአልበርታ ክፍለ ሀገር ሕጉ አያስገድድም፤ ግን ከዜሮ በላይ 7 ዲግሪ በታች ሲሆን የበጋ ጎማ ላስቲክ ይደርቃል፣ መንገዱን አይዝም። ጎማው ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምልክት መኖሩን ይመልከቱ። በምዕራብ ወደምትጎራበተው ክፍለ ሀገር፣ ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚሻገር ሰው ደግሞ እዚያ በአብዛኛው ዋና መንገድ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ግዴታ መሆኑን ይወቅ።

ከመኪናው አፍንጫ ሥር የተንጠለጠለች የኤሌክትሪክ ገመድ ካለች ጌጥ አይደለችም፤ የሞተሩን ማሞቂያ የምትሰካ ናት። ከዜሮ በታች 15 ሲወርድ ከመነሣት በፊት ለአራት ሰዓት ያህል ይሰኳታል። የመስታወት ማጠቢያው ፈሳሽ እስከ ከዜሮ በታች 40 የማይረጋው ዓይነት ይሁን። ነዳጅ ከግማሽ አይውረድ። ከኋላ አካፋ፣ ብርድ ልብስ፣ የስልክ ቻርጅ ይኑር። መኪና በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም። በረዶ ውስጥ ተይዘው ሞተር አስነሥተው የሚጠብቁ ከሆነም ወርደው የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ያረጋግጡ፤ ከተደፈነ መርዙ ወደ ውስጥ ይመለሳል።

ከቤቴ ፊት ያለውን በረዶ መጥረግ የእኔ ግዴታ ነው?

በቤትዎ ደጃፍና ጎን ያለውን የሕዝብ የእግረኛ መንገድ በረዶው በቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ እስከ አስፋልቱ ወይም ሲሚንቶው ድረስ መጥረግ የባለቤቱ ወይም የነዋሪው ግዴታ ነው። ካልተጠረገ ከተማው አስጠርጎ ሂሳቡን ይልካል፤ ቅጣትም አለ። ተከራይ ከሆኑ ማን እንደሚጠርግ ውሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ፤ በዚህ ምክንያት ከአከራይ ጋር የሚጣላ ሰው ብዙ ነው። ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ነጭ የበረዶ ቅንጣት በተሳለበት መንገድ ላይ ደግሞ የማቆም እገዳ ሲታወጅ መኪና ማንሣት ያስፈልጋል።

የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው እርጥብ በረዶ በአካፋ አይዛቅ። በብርድ ደም ሥር ይኮማተራል፤ በዚያ ላይ ድንገተኛ ከባድ ሥራ ልብን ያስጨንቃል። ጎረቤት ቢጠየቅ ነውር አይደለም። በዚህች ከተማ ለአረጋዊ ጎረቤት ሳይጠየቁ በረዶ መጥረግ የታወቀ ልማድ ነው፤ ከተማውም ያበረታታዋል። ከእኛ ባህል ጋር ከሁሉ የሚገጥመው የካልጋሪ ልማድ ይህ ይመስለኛል።

ቤት ውስጥ አየሩ ደረቀ፣ ሊጡም አልቦካ አለ። ምን ላድርግ?

ውጭ ያለው ቀዝቃዛ አየር እርጥበት የለውም፤ ማሞቂያው ሲያሞቀው ይብሱን ይደርቃል። ነስር፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ የሚያሳክክ ቆዳ ከዚህ ይመጣሉ። ከታጠቡ በኋላ ገላው ገና እርጥብ ሳለ ቅባት ወይም ቫዝሊን መቀባት፣ የአየር ማርጠቢያ መጠቀም ይረዳል። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ውኃ መንጠባጠብ ከጀመረ ግን እርጥበቱ በዝቷል፤ ሻጋታ ስለሚያመጣ መቀነስ ነው። የማሞቂያው ማጣሪያም በጊዜው ይቀየር። ከውጭ ባለው የውኃ ቧንቧ ላይ የተሰካው ጎማ ከመጀመሪያው ውርጭ በፊት ይነቀል፤ ካልተነቀለ ውኃው ረግቶ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል።

ሊጡን በተመለከተ፣ እርሾ ሙቀት ይፈልጋል። ወለሉ ወይም መስኮቱ ሥር የተቀመጠ ዕቃ ቤቱ ሞቆ እንኳ ይቀዘቅዛል። ብዙ እናቶች የሚያደርጉት ኦቭኑን ሳይለኩሱ መብራቱን ብቻ አብርተው ሊጡን ውስጡ ማሳደር ነው፤ ያንን ለብታ እርሾ ይወደዋል። በር ላይ ማስታወሻ መለጠፍ ያስፈልጋል፣ ሌላ ሰው ሳያውቅ ኦቭኑን እንዳይለኩሰው። የተጋገረውም በዚህ አየር ጠርዙ ቶሎ ስለሚደርቅ ገና ለብ እያለ ይሸፈን።

ቡና ለማፍላት ከሰል ብጠቀም ችግር አለው?

አለው፣ በጣም ከባድ ችግር። ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚያልፍ ሰው ስሰማ እጨነቃለሁ። እዚህ ቤት የሚሠራው ሙቀት እንዳያፈስ ተደርጎ ነው፤ በክረምት መስኮት አይከፈትም፣ በበሩ ሥር ነፋስ አይገባም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያጥወለውላል፣ ከዚያ ያስተኛል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ሀገር ቤት ክፍት በሆነ ቤትና ግቢ የተለመደው ነገር እዚህ ገዳይ ነው።

ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይፈላል፤ ለሥነ ሥርዓቱ ረከቦቱ ላይ ይቀርባል። ዕጣኑም በትንሿ የኤሌክትሪክ ማጨሻ ይጨሳል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል አጠገብ ይኑር፤ ማሞቂያው ራሱ በጋዝ ስለሚሠራ ከሰል ለማይነካ ቤትም ያስፈልጋል። ከጮኸ ሁሉም ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣና 911 ይደወል። ካፖርት ፍለጋ አይቆዩ።

በከባዱ ብርድ ቀን ስልኬ በማስጠንቀቂያ ጮኸ። ምን ማለት ነው?

ጃንዋሪ 13 ቀን 2024 ምሽት የአልበርታ ነዋሪዎች ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኋል፤ ብርዱ ስለበረታ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከአቅም ሊያልፍ ደርሶ ነበር። ሕዝቡ መብራትና ማብሰያ ሲያጠፋ በደቂቃዎች ውስጥ ፍላጎቱ 200 ሜጋ ዋት ያህል ቀንሶ ኤሌክትሪኩን በየሰፈሩ በየተራ ማቋረጡ ቀረ። እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ምጣዱንና ማድረቂያውን ለማግስት ማሳደር፣ የማያስፈልገውን መብራት ማጥፋት፣ የመኪናውን ማሞቂያ ማዘግየት ነው። የቤት ማሞቂያውን ግን አያጥፉ።

ጣቴ ደነዘዘ። በውርጭ መመታቱን እንዴት አውቃለሁ?

መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ «ቆዳው ይቀላል፣ ከዚያ ይነጣል» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው አመድማ ወይም ግራጫ መልክ፣ ሰም የተቀባ የሚመስል ገጽታና ሲነኩት መጠንከሩ ነው። ከሁሉ በላይ የሚታመነው ስሜቱ ነው፦ ሲያም የነበረ ጣት ማመሙን ካቆመ ተሻለው ማለት አይደለም፣ አደጋው ጀመረ ማለት ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ ወታደሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች በብርድ ጉዳት ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። ስለዚህ አብሮዎት የሚሠራው ፈረንጅ ያለ ጓንት ስለቻለ እርስዎ ይችላሉ ማለት አይደለም።

ወደ ውስጥ ይግቡ፣ እርጥብ ልብስና ቀለበት ያውልቁ፣ ጣቱን ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ባለው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ያድርጉ። ውኃውን በተጎዳው ሳይሆን በደህናው እጅ ይፈትሹ። አይሹት፣ በበረዶ አይፈግፍጉት፣ ምድጃ ላይም አያሙቁት፤ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አይሰማውም። ተመልሰው ወደ ብርዱ መውጣትዎ የማይቀር ከሆነ ማሞቁን ያቆዩት፤ ሞቆ እንደገና የረጋ ገላ የበለጠ ይጎዳል። ውኃ ከቋጠረ፣ ከጠቆረ ወይም ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ቤት ነው። ሲጠራጠሩ 811 ላይ ቢደውሉ በማንኛውም ሰዓት ነርስ ያገኛሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል።

ከሀገር ቤት የመጡት እናቴ ከኖቬምበር ጀምረው ከቤት አልወጡም። ምን ይሻላል?

ከሁሉም ጥያቄ ልቤን የሚነካው ይህ ነው። ልጆች በፍቅር «እማዬ፣ ብርዱ ይጎዳሻል፣ ቤት ሁኚ» ይላሉ፤ ቤት የሚቀረው ሰው ግን ጡንቻው ይላላል፣ እንቅልፉ ይዛባል፣ ብቸኝነት ያደቀዋል። ጎረቤት የሚጠራበት ግቢ፣ የሚሳለሙበት ደጀ ሰላም በእግር ርቀት ላይ የላቸውም። መውደቃቸውን መፍራት ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን መዝጋት አይደለም።

ከዜሮ በታች 10 ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት፣ ፀሐያማ እኩለ ቀን ጥሩ ለብሰው ተደግፈው ለሃያ ደቂቃ መሄድ አብዛኞቹ አረጋውያን ይችላሉ። የፀሐይ መነጽር ይደረግላቸው፤ ከበረዶው የሚንጸባረቀው ብርሃን ዓይን ያማል። መሬቱ በሚያዳልጥበት ቀን ደግሞ በሕንፃ ውስጥ መሄድ አለ። መሀል ከተማ ከመንገዱ በላይ 15 ጫማ ከፍ ብለው ሕንፃዎችን የሚያገናኙት የተዘጉ ድልድዮች፣ «ፕላስ 15» የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምረው እየተቀጠሉ አሁን 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሰዋል። በሥራ ቀን ገብቶ ካፖርት አውልቆ እየተጨዋወቱ መሄድ ይቻላል። ትልልቅ የገበያ አዳራሾችና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ለዚህ ይሆናሉ፤ 211 ላይ ተደውሎ ለአረጋውያን በአካባቢው ምን ፕሮግራም እንዳለ መጠየቅ ይቻላል። በሳምንት አንድ ቀን የማይቀር መውጫ ያብጁላቸው። ቀኑን ሲያውቁት ይጠብቁታል።

የቦው ወንዝ ረግቶ ሰው ሲራመድበት አየሁ። ደህና ነው?

አይደለም። የሚፈስ ውኃ ከሥሩ በረዶውን ይበላዋል፤ አንዱ ቦታ ግማሽ ሜትር ወፍሮ ጥቂት እርምጃ አልፎ እንደ ወረቀት ሊሳሳ ይችላል፣ ከላይ የወረደው በረዶም ይሸፍነዋል። ቺኑክ ደግሞ በአንድ ቀን ያዳክመዋል። ልጆች በበረዶ ላይ መንሸራተት ከፈለጉ ከተማው ውፍረቱን እየለካ በሰሌዳ የሚፈቅድባቸው ቦታዎች አሉ።

በማርች ሞቀ፣ በረዶውም ቀለጠ። ክረምቱ ወጣ? ጎማዬን ልቀይር?

አልወጣም። በካልጋሪ ከወራት ሁሉ በብዛት በረዶ የሚወርደው በአማካይ በማርች ነው። ፋሲካ በነጭ በረዶ የሚያልፍበት ዓመት አለ፣ በሜይም ሊወርድ ይችላል። የቀኑ ሙቀት ሳይሆን የጠዋቱ ነው መታየት ያለበት፤ ሥራ ሲሄዱ ያለው ሙቀት በተከታታይ ከ7 ዲግሪ በላይ ሲሆን ጎማው ይቀየራል፤ ብዙ ጊዜ ይህ ከኤፕሪል መጨረሻ በፊት አይመጣም። ጓሮ ጎመንና ቃሪያ መትከል የሚፈልግ ሰው ደግሞ የከተማዋ አትክልተኞች እንደሚያደርጉት በሜይ መጨረሻ ገደማ የሚውለው የቪክቶሪያ ቀን እስኪያልፍ ይጠብቅ። ችግኙን ግን ከማርች ጀምሮ ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ሥር ማብቀል ይችላል፤ ለዚያ የሚበቃ ፀሐይ አለ።